ኮካቲየላችሁ ጠባይዋ አስቸገራችሁ? መጀመሪያ ኬጇን ለኩ

ኮካቲየል የምትባለውን ትንሽ በቀቀን ቤታቸው የሚያሳድጉ ሰዎች አብዝተው የሚያነሱት ጥያቄ ስለ ጠባይ ነው። ትነክሳለች። ትጮሃለች። ሽቦ ስታኝክ ትውላለች። እጅ ወደ ኬጁ፣ ማለትም ወደ ሽቦ ቤቷ፣ ሲገባ «ሽሽሽ» እያለች ትቆጣለች። ብዙዎች መፍትሔውን ከስልጠና ይጠብቃሉ። እኔ ግን ከስልጠናው በፊት ሜትር አንሱ እላለሁ። ወፏ ክፉ የምትመስለው ክንፏን የምትዘረጋበትና ስትፈራ ዞር የምትልበት ቦታ ስላጣች ሊሆን ይችላል።

ኮካቲየል የአውስትራሊያ ወፍ ናት። ካካቱ ከሚባሉት ባለ ቁንጮ በቀቀኖች ቤተሰብ በመጠን የመጨረሻዋ ትንሽ እሷ ናት። በተፈጥሮዋ በደረቁ የአገሪቱ መሃል ውሃና ዘር እየተከተለች ከመንጋ ጋር ስትዘዋወር ትኖራለች። እንዲህ ያለችው ወፍ በደንብ ከተያዘች ቤት ውስጥ ከ15 እስከ 20 ዓመት ልትቆይ ትችላለች። ኬጅ ስትመርጡ ለዚህ ሁሉ ዓመት ቤት እየመረጣችሁላት ነው።

ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል ሂዱበት። በተለይ የመጀመሪያውን ደረጃ አትዝለሉት።

ደረጃ 1፦ ምንም ሳትነኩ አንድ ሳምንት ታዘቡ

ደብተር ወይም ስልካችሁን ያዙና ጠዋት፣ ቀን እና ማታ ለጥቂት ደቂቃ ወፏን ከራቅ ብላችሁ ተመልከቱ። አጠገቧ ከቆማችሁ እናንተን ነው የምታየው፤ የዘወትር ጠባይዋን አታሳያችሁም።

የምትፈልጉት እነዚህን ነው። ቆጧ ላይ ከዳር ዳር ያለ ዓላማ ትመላለሳለች? ያችኑ መንገድ፣ ያንኑ እርምጃ ትደጋግማለች? ሽቦውን ለመውጣት ትይዘዋለች ወይስ ቆማ ዝም ብላ ታኝከዋለች? ቆጡን በእግሯ ጨብጣ ክንፏን በኃይል የምታርገበግብበት ጊዜ አለ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም በላይ ይነግራችኋል። ጤነኛ ኮካቲየል በተለይ ጠዋትና አመሻሽ ላይ እንዲህ ሰውነቷን ታፍታታለች። ክንፏ በሞከረች ቁጥር ሽቦ የሚመታ ከሆነ ግን ቀስ በቀስ ትተወዋለች። ባለቤቱም «ጨዋ፣ ረጋ ያለች ወፍ» ይላታል። በጊዜ ብዛት የደረት ጡንቻዋ ይደክማል፤ ምግቧ ዘር ብቻ ከሆነ ደግሞ ትወፍራለች፤ ጉበቷም በስብ ሊጎዳ ይችላል።

ራሷ ላይ ያለውን የላባ ቁንጮዋንም አንብቡ። ቀጥ ብሎ ከቆመ ነቅታለች ወይም ደንግጣለች። ጭንቅላቷ ላይ ተለጥፎ ከተኛ ተቆጥታለች ወይም ፈርታለች። በመጠኑ ወደ ኋላ ዘንበል ካለ ዘና ብላለች። አንድ ጊዜ ቀጥ ማለቱ ምንም አይደለም። ቀኑን ሙሉ ቀጥ ብሎ ወይም ተለጥፎ የሚውል ከሆነ ግን ጻፉት።

ጭራዋን እዩ። የጭራዋ ላባ ጫፉ የተሰባበረ፣ የተፈተለ ወይም በኩስ የቆሸሸ ከሆነ ስትዞር ከሽቦው ወይም ከወለሉ ጋር እየተፋተገ ነው ማለት ነው። የጠባብ ኬጅ ጥሩ ምስክር ነው።

ከኬጅ ስፋት ጋር የማይያያዙ ነገሮችም አሉ። ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ መጮህ የመንጋ ወፍ ልማድ ነው። ከክፍሉ ስትወጡ መጣራቷም «የት ናችሁ?» ማለቷ ነው፤ በፉጨት መልሱላት። ቢጫና ነጭ የሆኑት ሉቲኖ ኮካቲየሎች ከቁንጮአቸው ኋላ መላጣ ቢኖራቸው አብዛኛውን ጊዜ በዘር የመጣ ነው። እነዚህን በኬጁ አታሳብቡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ወፏ ላባዋን አንጨፍርራ የምትውል ከሆነ፣ ወለል ላይ ከተቀመጠች፣ ስትተነፍስ ጭራዋ ከፍ ዝቅ ካለ፣ መብላት ከቀነሰች ወይም ላባዋን ነቅላ ቆዳዋን ካደማች ይህን መመሪያ ዝጉና የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዷት። ወፎች በሽታቸውን ይደብቃሉ። እናንተ ስታዩት ብዙ ጊዜ የቆየ ነው።

ደረጃ 2፦ ኬጁን በወፏ ልክ ፈትኑ

አዋቂ ኮካቲየል ከራሷ እስከ ጭራዋ ጫፍ ከ30 እስከ 33 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች፤ ግማሹን የሚወስደው ጭራዋ ነው። ክብደቷ ግን ብዙ ጊዜ ከ80 እስከ 100 ግራም ገደማ ነው። ሰዎችን የሚያሳስተው ይህ ነው። ቀላል ስለሆነች ትንሽ ቦታ የሚበቃት ይመስላቸዋል። ኬጅ የሚለካው ግን በክብደት አይደለም፣ በክንፍና በጭራ ነው።

ወፏን በግድ ይዛችሁ ክንፏን አትዘርጉ። ስትንጠራራ ወይም ስታርገበግብ ጠብቁ። ከዚያ ሦስት ነገር አረጋግጡ።

መካከለኛው ቆጥ ላይ ሆና ሁለቱንም ክንፎቿን ሙሉ በሙሉ ስትዘረጋ ሽቦም መጫወቻም መንካት የለባትም። እዚያው ቆጥ ላይ ዞራ ፊቷን ስትቀይር ጭራዋ ምንም ሳይነካው መዞር አለበት። ከአንዱ ቆጥ ወደ ሌላው ለመሄድ ቢያንስ አንድ ሁለት ጊዜ ክንፏን መምታት ሊያስፈልጋት ይገባል። በእግሯ ተራምዳ የምትደርስበት ከሆነ ኬጁ መቀመጫ እንጂ መንቀሳቀሻ አልሆነም።

አንዳንዴ ኬጁ በቂ ሆኖ ፈተናውን የሚወድቀው በውስጡ በታጨቀው ዕቃ ምክንያት ነው። ወደዚያ እንመጣለን።

ደረጃ 3፦ አዲስ የምትገዙ ከሆነ እነዚህን ቁጥሮች ያዙ

ለአንዲት ኮካቲየል ብዙ ጊዜ እንደ ዝቅተኛ መጠን የሚጠቀሰው 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 45 ስፋት እና 60 ቁመት ነው። ይህን ቁጥር በጥንቃቄ ተመልከቱት። የሚሠራው ወፏ በየቀኑ ለሰዓታት ወጥታ የምትበር ከሆነ ነው። አብዛኛውን ቀን ውስጥ የምትውል ከሆነ ርዝመቱ 90 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ቢሆን እመርጣለሁ። ለሁለት ወፎችም ከ90 በታች አትውረዱ፤ ስፋቱንም ወደ 60 አስጠጉት።

ከቁመት ይልቅ ርዝመት ይብለጥባችሁ። ኮካቲየል የምትበረው ወደ ጎን ነው። ረጅምና ቀጭን ኬጅ ለዓይን ያምራል፤ ወፏ ግን ላይኛውን ሲሶ ብቻ ትጠቀምና የቀረው ባዶ ይቀራል። ክብ ኬጅንም አልመክርም። ስትደነግጥ ጀርባዋን የምታስጠጋበት ማዕዘን የላትም። ብዙዎቹ ደግሞ ጣሪያቸው ላይ ሽቦዎቹ ስለሚጠጋጉ ጣት ሊይዙ ይችላሉ።

በሽቦዎቹ መሃል ያለው ክፍተት ከ1.3 እስከ 1.6 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ትልቅ ኬጅ ፈላጊዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በጣም ሰፋፊ ኬጆች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ለትላልቅ በቀቀኖች ነው፤ ክፍተታቸውም ሰፊ ነው። ወፏ ጭንቅላቷን አስገብታ ማውጣት ሊያቅታት ይችላል። ክፍተቱ ልክ ካልሆነ ስፋቱ ምንም ያህል ቢያጓጓ ተዉት። ቢያንስ በሁለት ጎን ሽቦው አግድም ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነው፤ በእግሯና በምንቃሯ እየያዘች ትወጣበታለች።

ኬጁን ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ዚንክ የተለበጠ ርካሽ ሽቦ አትጠቀሙ። ኮካቲየል ሽቦ ታኝካለች፤ ዚንክና እርሳስ ደግሞ ይመርዟታል። የማይዝግ ብረት ከተገኘ ምንም አይተካውም።

በጣም ሰፊ የሚባል ኬጅ አለ ወይ? ክፍተቱ ትክክል ከሆነ ለጤነኛ ወፍ የለም ማለት ይቻላል። የታመመች ወፍ ግን ጉልበቷን እንድትቆጥብ ትንሽና ሙቅ ኬጅ ያስፈልጋታል። አሮጌውን ኬጅ ለዚህና ሐኪም ጋ ለመሄጃ አስቀምጡት።

ደረጃ 4፦ ስፋቱን በዕቃ አትግደሉት

ሰው ትልቅ ኬጅ ሲገዛ ባዶው ቦታ ያስጨንቀዋል። ዥዋዥዌ ይሰቅላል፣ መሰላል ያቆማል፣ ደወል ያንጠለጥላል፣ ገመድ ይዘረጋል። ሲጨርስ ወፏ ከድሮው የባሰ ጠባብ ቦታ ላይ ናት። እኔ የምከተለው ሕግ ቀላል ነው፦ የኬጁ መሃል የአየር መንገድ ነው፣ አይዘጋም። ዕቃ ሁሉ ወደ ጎንና ወደ ማዕዘን ይሄዳል።

ሁለት ዋና ቆጦች በኬጁ ሁለት ጫፎች ላይ፣ ተቀራራቢ ከፍታ ላይ አድርጉ። መካከላቸው ባዶ ይሁን። ወፏ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ክንፏን ትመታለች፤ የገዛችሁት ስፋት ሥራ የሚሠራው ያኔ ነው። ሦስተኛ ቆጥ ዝቅ ብሎ ከምግቡ አጠገብ ይሁን፤ ነገር ግን ከምግብና ከውሃ ዕቃ በላይ ቆጥ አታድርጉ፣ ኩስ ይገባበታል።

ቆጦቹ ውፍረታቸው የተለያየ ይሁን፤ ከ1.2 እስከ 2.5 ሳንቲ ሜትር ባለው መሃል። መርዝ ያልተረጨበት፣ ታጥቦ የደረቀ የዛፍ ቅርንጫፍ ወጣ ገባ ስለሆነ ከለስላሳው ዱላ ይሻላል። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ውፍረት ላይ የምትቆም ወፍ መዳፏ ያው ቦታ ላይ ይቆስላል። በአሸዋ ወረቀት የተሸፈነ ቆጥ አትግዙ።

ስለ ወለሉ ብዙ ሰው አያስብም። ኮካቲየል በተፈጥሮዋ ምግቧን በአብዛኛው የምትለቅመው ከመሬት ነው። ወለሉ ላይ ከቆጥ በታች ባልሆነ ቦታ ዝርግ ትሪ አስቀምጡ። ንጹሕ ወረቀት ቀዳችሁ ጣሉበትና የዕለት ዘሯን የተወሰነ ክፍል በትኑበት። እየቆፈረች ትለቅማለች። በሰሃን ተሞልቶ ሲቀርብላት በደቂቃ የምትጨርሰው ምግብ አሁን ሥራ ይሆናታል።

ይህ ነገር ዝም ብሎ የጊዜ ማሳለፊያ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 በወጣት የአማዞን በቀቀኖች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ታትመዋል። ምግባቸውን ፈልገው የሚያገኙበትና የሚወጡ የሚወርዱበት ኬጅ የተሰጣቸው ወፎች፣ ባዶ ኬጅ ውስጥ ካሉት ይልቅ ላባ የመንቀልና ያንኑ እንቅስቃሴ የመደጋገም ጠባይ በጣም ያነሰ ነበር። ወፉ ሌላ ዓይነት በቀቀን ነው። ትምህርቱ ግን ለእኛም ይሆናል፤ ሰፊ ሆኖ ምንም የማይሠራበት ኬጅ ግማሽ መፍትሔ ነው።

መጫወቻ ሁለት ሦስት ይበቃል። የሚሰባበር ለስላሳ እንጨትና ወረቀት ይወዳሉ። በየሳምንቱ አንዱን እያወጣችሁ ሌላ አስገቡ። መስታወት አልመክርም፤ በተለይ ወንዱ ከምስሉ ጋር ተጣብቆ ይውልና ሰው ሲቀርብ ይቆጣል። ሴቷ ጋ ደግሞ ሳጥን፣ የጨርቅ ድንኳን ወይም ጨለም ያለ ጥግ አታስገቡ። ሰፊ ኬጅ ከጨለማ ጎጆ ጋር ሲደመር እንቁላል ጣይ ብሎ መጋበዝ ነው። ተደጋጋሚ እንቁላል ካልሲየሟን ይጨርሳል፤ እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ተይዞ ሊገድላትም ይችላል።

ደረጃ 5፦ ማስቀመጫውን ምረጡ

አንድ ጎኑ ግድግዳ ይንካ። ከሁሉም አቅጣጫ የተጋለጠ ኬጅ ውስጥ ያለች ወፍ አታርፍም። ከፍታው ደረታችሁ አካባቢ ይሁን። ነፋስ የሚመላለስበት ቦታ አይሁን። ማድ ቤት ፈጽሞ አይሆንም፤ ምግብ የማይጣበቅበት የቴፍሎን መጥበሻ ከመጠን በላይ ሲሞቅ የሚያወጣው ጋዝ ወፍ በደቂቃዎች ይገድላል።

ደረጃ 6፦ በጠዋት አዛውሯት፣ አትቸኩሉ

አዲሱን ኬጅ ከአሮጌው አጠገብ አስቀምጡትና ለጥቂት ቀን ትመልከተው። ከአሮጌው አንድ የለመደችውን ቆጥና አንድ መጫወቻ ወደ አዲሱ ውሰዱ። ምግብና ውሃውንም አሮጌው ኬጅ ውስጥ በነበሩበት ጎን አድርጉ። ከዚያ ሁለቱን በሮች ፊት ለፊት ከፍታችሁ የምትወደውን ነገር ወዲያኛው በር አጠገብ አስቀምጡ። ራሷ ብትሻገር ከሁሉም የተሻለ ነው። እጃችሁ ላይ የምትወጣ ከሆነች ይዛችኋት ግቡ። በእጅ አሳዳችሁ ጨብጣችሁ የምታስገቡ ከሆነ ግን አዲሱ ቤት በፍርሃት ይጀምራል።

ጠዋት ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ኮካቲየሎች በሌሊት በድንገት ደንግጠው በጨለማ እየተላተሙ መብረር ያጠቃቸዋል። ድምፅ፣ የመኪና መብራት ወይም ጥላ ይበቃቸዋል። የማታውቀው ኬጅ ውስጥ ደግሞ ሽቦው የት እንዳለ አታውቅም። ጠዋት ከገባች እስኪመሽ ድረስ ቦታውን ታጠናዋለች። ሰፊ ኬጅ ውስጥ ፍጥነት አግኝታ ልትጋጭ ስለምትችል፣ የምትተኛበት ቆጥ ከፍ ብሎ ወደ ግድግዳው የተጠጋ ይሁን፤ በዙሪያውም የሚንጠለጠል ነገር አይኑር። ደብዘዝ ያለ ትንሽ መብራት ሌሊቱን ቢበራ ብዙ ጉዳት ያስቀራል። በየሌሊቱ ከ10 እስከ 12 ሰዓት የሚረዝም እንቅልፍ ያስፈልጋታል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዝም ብትል፣ ቁንጮዋን ቀስራ አንድ ጥግ ብትቆም አትደንግጡ። በአንድ ጎን ቀላል ጨርቅ ጣል አድርጉላት። መብላቷንና ኩሷን ግን በየቀኑ አረጋግጡ። ቀኑን ሙሉ ሳትበላ ከዋለች ወደ አሮጌው መልሷትና እንደገና በዝግታ ጀምሩ።

ደረጃ 7፦ እጃችሁን በአዲሱ ቦታ አስተዋውቁ

ስለ ንክሻ የሚያማርር ሰው ሁሉ ይህን ቢሞክረው ደስ ይለኛል። ጠባብ ኬጅ ውስጥ የሰው እጅ ሲገባ ቦታውን በሙሉ ይሞላዋል። ወፏ ወደ ኋላ ብትል ሽቦ ነው፤ ወደ ጎን ብትል ሽቦ ነው። መጀመሪያ ቁንጮዋን ለጠፈች፤ አልሰማናትም። ቀጥላ «ሽሽሽ» አለች፤ እጃችን አልቆመም። የቀራት ምንቃሯ ብቻ ነው። ነክሳ እጁ ሲሸሽ ደግሞ ንክሻ እንደሚሠራ ተማረች። በቀን ሁለት ጊዜ ምግብ ሲቀየር ይህ ትምህርት ሁለት ጊዜ ይደገማል።

ሰፋ ያለ ኬጅ ውስጥ አራተኛ ምርጫ አላት፦ መሄድ። ወደ ሌላኛው ቆጥ ትሻገርና ከሩቅ ታያችኋለች። ተዉአት። አትከተሏት። ምግቡን ቀይሩና እጃችሁን አውጡ። መሸሽ እንደምትችል ያወቀች ወፍ መንከስ አያስፈልጋትም። ትንሽ ቆይቶም ራሷ መቅረብ ትጀምራለች። ያኔ የምትወደውን ዘር በጣታችሁ ይዛችሁ ጠብቁ፤ መጥታ ትውሰድ። ሰፊ ኬጅ ውስጥ ወፏን በእጅ ማሳደድ ግን ይህን ሁሉ ያበላሸዋል። እንድትወጣ ከፈለጋችሁ በሩን ክፈቱና በሩ ላይ ቆጥ አድርጉላት።

ደረጃ 8፦ ከደብተራችሁ ጋር አስተያዩ

ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ እንደ መጀመሪያው ሳምንት በዚያው ሰዓት ታዘቡ። መጀመሪያ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ ክንፍ ማርገብገብ ነው። ከዚያ ወለል ላይ መልቀም፣ መውጣት መውረድ። ሽቦ ማኘክና መመላለስ የሚቀንሱት ዘግይተው ነው፤ ለወራት የቆየ ልማድ ሰፊ ቤት ውስጥም ትንሽ ይከተላታል። የተሰባበረው ጭራ ላባ እስክትቀይር ድረስ እንደዚያው ይቆያል፤ ስለዚህ በጭራው አትፍረዱ።

ምንም ካልተለወጠ ጥያቄው ከስፋት ውጭ ነው። እንቅልፍ አንሷት፣ ብቸኝነት ይዟት ወይም ታማ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ወፎች ካሏችሁ

ጠባብ ቦታ ላይ አንደኛዋ ሰሃኑን ትጠብቃለች፤ ሌላዋ የተረፈውን ትበላለች። ጠባቸው ጫጫታ ላይኖረው ይችላል። የአንዷ ራስ ላይ የተነቀለ ላባ ካያችሁ ወይም አንዷ እየከሳች ከሆነ ቦታው አልበቃቸውም። ሁለት የምግብና ሁለት የውሃ ዕቃ በተራራቁ ጫፎች አድርጉ፤ አንዷ ሁለቱንም መጠበቅ አትችልም። ከፍ ብለው የሚተኙባቸው ቆጦችም ሁለት ይሁኑ። አዲስ የመጣች ወፍ ግን ኬጁ ምንም ቢሰፋ ቢያንስ ለአንድ ወር በሌላ ክፍል ለብቻዋ ትቆይ።

ትልቅ ኬጅ አሁን መግዛት ካልቻላችሁ

ዛሬውኑ ከመሃሉ የሚንጠለጠለውን ሁሉ አውጡ። ሁለቱን ቆጦች ወደ ጫፍና ጫፍ ውሰዱ። ሌላ ተመሳሳይ ኬጅ ካገኛችሁ በሮቻቸውን ግጥም አድርጋችሁ እሰሯቸው፤ ርዝመቱ እጥፍ ይሆናል። ዋናው ግን ማውጣት ነው። በየቀኑ ሁለት ሦስት ሰዓት ክፍል ውስጥ ትብረር። መስኮትና በር ይዘጋ፣ መስታወቱ በመጋረጃ ይሸፈን፣ የጣሪያ ፋን ይጥፋ፣ ውሃ ያለበት ዕቃ ይከደን፣ ድመትና ውሻ ከክፍሉ ይውጡ። ከኬጁ ውጭ ቅርንጫፍ ያለው መቆሚያ ሥሩላትና አንድ ትንሽ የምግብ ዕቃ እዚያ ላይ አድርጉ። ወደ ኬጇ ስትመለስ ደግሞ ሁልጊዜ የምትወደው ነገር ይጠብቃት፤ ነገ ለመግባት አታስቸግራችሁም።